በልብወለድ የቀመስኩት አለንጋ

ዛሬ ዳንግላ ላይ አንድ ባለጋሪ በአለንጋ ፊቴን ተለተለኝ። ከቅንድቤ እስከ አገጬ ተሰንጥቋል። ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይኔ ነው፤ ሌላው አብጦ ተዘግቷል።

እንደምታውቁት ለልብወለድ መጽሔታችን ማሳተሚያ መዋጮ እየለመንን ነው። ሰው ሳያነብ አያዋጣም ብዬ አንዷን ታሪኬን አባዝቼ ገበያው ዳር አደልኩ።

ታሪኳ አጭር ናት። አንድ ገበሬ በድንበር የተጣላውን ጎረቤቱን በመጥረቢያ ገድሎ ቀርከሃው ሥር ይቀብረዋል። ለሀገሬው «ለሥራ መተማ ወርዷል» ይላል።

ባለጋሪው ወረቀቷን ጨምድዶ መጣ። ጠይቆኝ አይደለም የመታኝ፤ መትቶኝ ነው የጠየቀኝ።

«ማነው የነገረህ?»

«ማንም! ፈጠራ ነው ጋሼ፣ ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት!»

ደገመኝ። ወደቅሁ። ደረቴን በጉልበቱ ተጭኖ፣ አንገቴን አንቆ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፈጠራ ከሆነማ ቀርከሃውን ባሕር ዛፍ አድርገዋ!»

ከአለንጋው ይልቅ ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ሰዎች ሲገላግሉን ኪሱ ውስጥ ያለውን ብር ሁሉ አውጥቶ የመዋጮ ሳጥናችን ውስጥ ከተተና ጋሪው ላይ ወጥቶ ሄደ። (እስካሁን እንደሱ የለገሰን የለም፤ ሥነ ጽሑፍ ወዳጅ አያጣም።)

ብሩን ከነወረቀቷ ለፖሊስ ሰጥቼ አሁን ገባሁ። መጽሔቷ ብትዘገይም ትዘግይ እንጂ ቀርከሃውን አልቀይርም።

እስቲ እናንተም አጫውቱኝ። «ለሥራ መተማ ወርዷል» ተብሎ በዚያው የቀረባችሁ ወንድም አለ?