አፈ ጉባኤውን የቋጠርኩበት ቀን

ጎንደር ቁስቋም የሚኖረው ወንዱ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምነው ፖለቲካ ውስጥ ገባሽ እያለ ይቆጣኛል። እኔ የገባሁት የወረዳችን ምክር ቤት አዳራሽ ነው። የገባሁትም እህቱ በምጥ ተይዛ ስለነበር ነው።

ጠዋት ከደጋው በቃሬዛ አውርደን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሷ አየቻትና ሕፃኑ በእግሩ ስለመጣ ጎንደር ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም ያልቃሉ አለች። አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ሾፌሩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በቆሎ ይበላል። ነዳጅ የለም አለኝ። ምነው ስለው፣ ወረዳው የማዳበሪያ ዕዳ ስላለበት በጀቱ መያዙን፣ ተመራጮቹም በዚሁ ጉዳይ እየመከሩ መሆኑን ነገረኝ። ትቼው ወደ አዳራሹ ሮጥኩ።

በቀኝ የተቀመጡት ዕዳውን ገበሬው ይክፈል ይላሉ። በግራ ያሉት ደግሞ ገበሬው ከፍሏል፣ ብሩ መንገድ ላይ መቅረቱ የክልሉ ጉዳይ ነው ይላሉ። ብሩን መንገድ ላይ ያስቀረው ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን አልተነሣም። አንዱ ሌላውን የልማት ጠላት አለው፤ ያም የሕዝብ ጠላት ብሎ መለሰለት። የወጥ ሽታ በመስኮት ሲገባ ሁሉም ለስለስ አሉ። የዕዳው እኩሌታ ዘንድሮ እንዲከፈል፣ የቀረው ለሚቀጥለው ምክር ቤት እንዲተላለፍ ተስማሙ። ከምን ይቀነስ ሲባል፣ የስብሰባው አበል አይነካም አሉ። የአፈ ጉባኤው መኪና ነዳጅም የመንግሥት ሥራ እንዳይቆም አይነካም። የሚነካው የአምቡላንሱ ነዳጅና የትምህርት ቤቱ ጠመኔ ሆነ። ስለ መቻቻላቸው አጨበጨቡ።

በአባቶቻችን ጊዜ ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ይቋጠሩ ነበር። ቋጠሮውን ፈትቶ የሄደ ሰው አገር ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። አዳራሹ ይበርዳልና አፈ ጉባኤው በሱፉ ላይ ጋቢ ደርቧል። ወደ መድረኩ ወጣሁና የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት።

«እናቴ፣ ጉዳይ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» አለኝ።

«ጉዳዬ ጤና ጣቢያ ተኝታ ታምጣለች። የማዳበሪያዬን በጌን ሸጬ ከፍያለሁ፤ ዕዳው አንተ ላይ ነው። ልጄ ሆስፒታል እስክትገባ ከእኔ ጋር ትውላለህ።»

ላቡን ጠረገና ከኋላ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞረ። «አያ፣ ኧረ እርስዎ ይምከሩልኝ።»

«ምን ብዬ ልምከራት? እኔም ጋቢዬን ቤት ባልተወው በዚያኛው ጫፍህ እቋጥርህ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በቀኝ ያሉትም በግራ ያሉትም አብረው ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልጄን ከጤና ጣቢያው አንሥተን በአፈ ጉባኤው መኪና፣ በዚያች በማትነካው ነዳጅ ሄድን። እኔ ከልጄ አልለይም፣ እሱም ከእኔ አይለይም፤ ስለዚህ ከኋላ አብሮን ተጣበበ። ምጡ በመጣ ቁጥር ልጄ የምትጨብጠው የእሱን ክራባት ነበር። ዳባት ላይ ለአምቡላንሱ ነዳጅ እንደሚያስፈቅድ ቃል ገባ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መንገዱንም አስጠግናለሁ ብሎ ማለ። ጎንደር ሐኪሞቹ ተቀብለው አስገቧት፤ እኔም እዚያው በር ላይ ፈታሁት። ከመሸ በኋላ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመራጭ የሆነችው ጎረቤቴ ነገረችኝ። አፈ ጉባኤው ያን ጉዞ የመስክ ጉብኝት ብሎ አበል ጠይቆበታል። በቀኝ ያሉት የሙሉ ቀን ይገባዋል ሲሉ፣ በግራ ያሉት የግማሽ ቀን ነው ብለው ተከራከሩ፤ በኋላ በመቻቻል ሙሉውን ፈቀዱለት። የአምቡላንሱ ነዳጅ ግን የምሳ ሰዓት ስለደረሰ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። የዚችው የጎረቤቴ ምራት ወሯ ገብቷል። ስብሰባው ማክሰኞ ነው፤ አብረን እንሄዳለን።