የሸንተረሩ በረዶ እስኪለቅ

ስታመን የተራራ ካርታውን ከዘረጋ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የሰው አይሆንም። ሰሃን ማስቀመጫ የለ፣ ዳቦ መቁረጫ የለ። ሚስቱ ኢስክራ ሾርባዋን ጭኗ ላይ ይዛ መብላት ከለመደች ቆይታለች። የዘንድሮው ካርታ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ለሷ ተብሎ የተዘረጋ ነው።

ኢስክራ ዕድሜዋን በከተማችን ካልሲ ፋብሪካ የጨረሰች ሴት ናት። ፋብሪካው ከተራራው ፊት ለፊት ስለሆነ ከማሽኗ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው እሱኑ ነው። እዚህ የምንኖር ሰዎች የባልካንን ተራራ የአባታችን ርስት አስመስለን እናወራለን እንጂ አብዛኞቻችን ከግርጌው አልፈን አናውቅም። ኢስክራም እንደኛው ናት። በዚያ ቤት ተራራው የባልየው ነበር።

ስታመን የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ የከተማችን የተራራ ተጓዦች ማኅበር ነፍስም እሱ ነው። ዓመት እየዘለለ ከጓደኞቹ ጋር በባቡር እስከ ሰርቢያ ድንበር ይሄድና ኮም ከሚባለው ጫፍ ተነስቶ፣ ሸንተረር ለሸንተረር አገሩን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አቋርጦ፣ ኤሚኔ ላይ ጥቁር ባህርን ያገኛል። ከኮም ድንጋይ አንስቶ ኤሚኔ ላይ ባህር ውስጥ የወረወረ ሰው በእኛ ዘንድ ሙሉ ሰው ነው። ኢስክራ ባኒጻ የሚባለውን የአይብ ቂጣ ጋግራ፣ ሳይበርድ በጨርቅ ጠቅልላ ጣቢያ ድረስ ትሸኘዋለች። ሲመለስ ደግሞ ፂሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ሸትቶ ትቀበለውና ልብሱን ታጥባለች። አብራው እንዳትሄድ መጀመሪያ ልጃቸው ትንሽ ነበረች፤ ልጅቷ ስታድግ እናቱ አልጋ ላይ ዋሉና እሳቸውን ማገላበጥ የኢስክራ ሥራ ሆነ። "ጡረታ ስንወጣ እኔና አንቺ ብቻ እንሄዳለን" ይላታል። እሷም ታምነዋለች። ምን ታድርግ፣ ሲናገር ዓይኑ ያበራል።

አማትየው ተቀበሩ፤ ጡረታውም ደረሰ። በዚያው ዓመት ብርዱ ሳይወጣ የኢስክራ ቀኝ እግር መጎተት ጀመረ።

ፕሎቭዲቭ ከተማ ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ ነገር ማሽሞንሞን አታውቅም። ጡንቻዋን ከታች ወደ ላይ እየበላ የሚሄድ በሽታ ነው አለቻት፣ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። "በእግርሽ ልታደርጊው የምትመኚው ነገር ካለ፣ ሙቀቱ እንደገባ አድርጊው። ለመከር አታቆይው።" አውቶቡስ ውስጥ ስታመን ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ። ኢስክራ አላለቀሰችም። በመስኮቱ ተራራውን እያየች፣ "እንግዲያው ኮም ውሰደኝ" አለችው። ያን ያህል ቁርጥ አድርጋ የጠየቀችው ነገር በትዳራቸው ውስጥ አልነበረም።

ስታመን ዕቅዱን ያዘ። የሚሄዱት ግንቦት ሲጋመስ ነው፤ እያረፉ፣ ቀስ እያሉ። ከመንገዱ ሁሉ የሚያስፈራው መሃሉ ነው፣ ሸንተረሩ ከሁሉም ከፍ የሚልበት፤ አለቱ ላይ የብረት ገመድ ተወጥሮ ሰው እሱን ይዞ የሚያልፍበት ቦታ አለ። በረዶው ከዚያ ካልለቀቀ ማለፍ የለም። ዘንድሮ ደግሞ ሰማዩ አበደና አበባ ከፈካ በኋላ እንደገና በረዶ ጣለ።

ለጊዮርጊስ በዓል በጉ ምድጃ ውስጥ እያለ ሚንቾ ደወለ። ሚንቾ እላይ ሸንተረሩ ሥር ያለውን ማደሪያ ቤት የሚጠብቅ፣ ከስታመን ጋር ውትድርና አብሮ የጨረሰ ሰው ነው። ስታመን ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"እንዴት ነው እላይ?" አለ ስታመን።

"ምን እንዴት ነው ትለኛለህ። ሽንት ቤት ለመሄድ አካፋ ይዤ ነው የምወጣው።"

"ገመዱስ?"

"የቱ ገመድ? እኔ ገመድ አላየሁም። ከሥሩ ይኖራል እንግዲህ። ጠጥሯል ወንድሜ፣ እንደ መስታወት። ባለፈው ዓመት ያ ከፕሌቨን ከተማ የመጣው ልጅ ተንሸራቶ የቀረበት ቦታ ትዝ ይልሃል?"

 የፕሌቨኑን ልጅ ሬሳ ካወጡት ሰዎች አንዱ ስታመን ነበር።

"ኢስክራ አለሽ እዚያ?" አለ ሚንቾ። "እህት ዓለም፣ አይዞሽ። ሁለት አልጋ ይዤላችኋለሁ፤ መስኮት አጠገብ ያሉትን። ትንሽ ጠብቁ ብቻ።"

ትንሽ ጠበቁ። ግንቦት ተጋመሰ፤ ስታመን ቀኑን ገፋው፤ ከዚያ ደግሞ ገፋው። ጠዋት ጠዋት ቡናውን ሳይጨርስ በረንዳ ላይ ወጥቶ በሩቅ ማያ መነጽር ሸንተረሩን ያያል፤ ምላሱን እያጮኸ ተመልሶ ካርታው ላይ ይጎነበሳል። አሁን ቢነሱ መሃሉ ጋ ይደርሳሉ፤ ሲደርሱ ግን በረዶው ይጠብቃቸዋል። ቢዘገዩ ደግሞ የሷ እግር አለ። ይህን የኋለኛውን አፉ አውጥቶት አያውቅም።

ኢስክራም በበኩሏ ትለማመዳለች። የጀርባ ቦርሳዋን ባቄላ ሞልታ የሕንጻችንን ደረጃ እስከ ላይኛው ፎቅ ትወጣለች፤ ትወርዳለች። ጎረቤቷ ቬስካ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቆማለች።

"አንቺ፣ ይሄ ባቄላ እንዲህ ስታመላልሺው ሳይበስል አይቀርም" ትላታለች።

"ሲበስል እጠራሻለሁ።"

"ደግሞ ባሕር ስትደርሱ ያንን ባልሽን አብረሽ ወርውሪልን። ድንጋዩን መልሰሽ አምጪው።"

ኢስክራ ያን ጊዜ ስቃለች። ቬስካ በሩን ስትዘጋ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ቀኝ እግሯ አልነሳም ብሏት ነበር። በሁለት እጇ ጉልበቷን አቅፋ አነሳችውና ወደ ቀጣዩ እርከን አወጣችው። ማንም አላየም። ለስታመንም አልነገረችውም። ቢሰማ ካርታውን ያጥፈዋል፤ ካርታው እስከተዘረጋ ድረስ ደግሞ እሷም መንገደኛ ናት። ይህን ተስፋ የሚሉት ሰዎች አሉ። እሷ ግን ተስፋ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር፤ ፍርሃት ነው።

አንድ እሁድ፣ ስታመን ራኪያ አረቄውን ጎንጨት እያለ ካርታው ላይ ሲያፈጥ፣ አጠገቡ ተቀመጠችና ጣቷን በካርታው በስተቀኝ ጫፍ፣ ሰማያዊው ላይ አሳረፈች።

"ከዚህ ብንጀምርስ?"

"ከየት?"

"ከባህሩ። በዚያ በኩል ተራራው ዝቅ ያለ ነው፤ በረዶ የለውም። ነገ እንኳ መነሳት እንችላለን። ቀስ እያልን ወደ ላይ ስንወጣ፣ መሃሉ ጋ እስክንደርስ በረዶው ይለቃል። ኮምን መጨረሻ ላይ እናየዋለን።"

ስታመን ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ልጅ ፀሐይን አውርዱልኝ ሲል እንደሚሳቅለት ያለ ሳቅ ነው።

"ሸርጣን ልታደርጊኝ ነው?"

"የምን ሸርጣን?"

"የኋሊት የሚሄዱትን እኮ በየማደሪያው ሸርጣን ነው የምንላቸው። ኢስክራ፣ ድንጋዩ ከኮም ይነሳል፣ ባህር ይገባል። አባቶቻችን ሲሄዱት እንደዚያ ነው። ከባህር ጀምረሽ ኮም ላይ ምን ትወረውሪያለሽ? ሚንቾ ቢሰማ አንድ ዓመት ሙሉ ይስቅብኛል።"

"ይሳቅ።"

"አይሆንም የኔ እመቤት። ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀሽ የተገለበጠውን አልሰጥሽም። ትክክለኛውን ነው የምሰጥሽ።"

እውነቱን ነበር፤ ይህ ነው የሚያቃጥለው። ሰውየው አልሰሰተባትም። የሚወደውን ነገር ሳይሸራርፍ፣ እሱ በሚያውቀው መልክ ሊሰጣት ነበር የፈለገው። ኢስክራ ጣቷን ከሰማያዊው ላይ አነሳች።

ሌላ ቀን ደግሞ እንዲህ ብላ ሞከረችው። "ከኮም እንነሳ እሺ፤ በረዶው ጋ ስንደርስ ግን ወደ መንደሮቹ ወርደን ብንዞረውስ?"

"ሸንተረሩን ያልረገጠ ኮም-ኤሚኔን ሄድኩ አይልም" አላት። "ያንን እኮ አውቶቡስም ይሄደዋል።"

"እሺ" አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያለችውን ነው ያለችው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ብትጮህበት ኖሮ እኮ፣ ካርታውን ቀዳ ብትጥለው ኖሮ። ግን መጮህ አልለመደችም፤ መጮህም ለካ ልምምድ ይፈልጋል።

የቼሪው ፍሬ ቀላ። ከተማው ሁሉ በባልዲ እየለቀመ፣ ልጁም አዋቂው አፉ ቀልቶ፣ ሸንተረሩ ላይ ግን ያ ነጭ የበረዶ መስመር አለ፤ ቀጭን ነው፣ እየቀጠነ ነው፣ ግን አልጠፋም። ኢስክራ ከሕንጻችን ጓሮ ቲማቲሞቹን ስትደግፍ ወደቀች። ወድቃም ወዲያው አልተነሳችም፤ ከተጋደመችበት ሆና ነጩን መስመር አየችው። ስንት ዘመን ከማሽኑ ቀና እያለች ስታየው ቆንጆ ነበር። ያን ቀን ጠላችው። ከዚያ እየተሳበች አጥሩ ጋ ደረሰች፤ አጥሩን ይዛ ቆመች፤ አፈሩን ከቀሚሷ አራገፈች፤ ገብታ ለባሏ ምሳ አቀረበች።

"ምን ሆነሽ ነው የምታነክሺው?" አላት።

"ለመንገዱ የገዛነው ጫማ ነው።"

"አዲስ ጫማ እንደዚያ ነው፤ መንገድ ላይ ይላመዳል።" ይህን ብሎ ወደ ካርታው ተመለሰ። እሱም ማየት አልፈለገም፤ እሷም እንዲያይ አልረዳችውም። እንዲህ ተባብረው ነው ቀኑን የፈጁት።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ስታመን ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ደረጃውን እየሮጠ ነው የወጣው፤ ዳቦውን ረስቶታል። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ሚንቾ ከውስጡ ይስቃል።

"ለቀቀ" አለ ስታመን፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ኢስክራ፣ ለቀቀ። ገመዱ ታየ፣ አለቱ ደረቀ። ነገ ማታ ባቡር እንይዛለን። የት አለሽ?"

ኢስክራ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ጫማ ማውለቂያ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ለመውጣት አልነበረም የተቀመጠችው፤ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ ደክሟት ነው።

"ስታመን" አለችው፣ "ትናንት ደረጃውን የወረድኩት ተቀምጬ ነው። እርከን በእርከን፣ እንደ ሕፃን። ስመለስ ቬስካና ልጇ ናቸው ያወጡኝ።"

ፊቱ ላይ ደስታው ገና አልጠፋም ነበር። የሰማው ቀስ እያለ ነው የገባው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆየ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር" አለች። ድምፅዋ አልከረረም። "ከባህሩ እንጀምር ብዬህ ነበር። ያን ጊዜ እግር ነበረኝ።"

ስታመን በግድግዳው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ግንቦትን አሰበው። በባህሩ በኩል ያሉት ዝቅተኛ ጫካዎች፣ ጥላው፣ ምንጩ፣ ለሷ እግር የተሠራ የሚመስል ለስላሳ መንገድ፤ አንድ አንዱን ያውቀዋል። ያኔ ቢነሱ ኖሮ እስካሁን የመንገዱ መሃል ደርሰው ነበር።  "እሸከምሻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ቢያንስ በባቡር ባህሩ ጋ ወስጄሽ..."

"ባህር አይቻለሁ፤ ፋብሪካው ለዕረፍት ይወስደን ነበር" አለች። "እኔ የፈለግኩት መሄዱን ነው።"

ስልኩ እጁ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ሚንቾ እላይ ነፋሱ ውስጥ ሆኖ ግማሹን አልሰማም።

"እናንተ፣ አላችሁ?" ይላል። "አልጋዎቹን ልያዝ ወይስ አልያዝ? ሰው እየመጣብኝ ነው።"

ኢስክራ እጇን ዘረጋች፤ ስታመን ስልኩን ሰጣት።

"ሚንቾ፣ አልጋዎቹን ለሰው ስጣቸው" አለችው።

"እንዴ፣ እህት ዓለም፣ ምን ሆናችሁ? በረዶው እኮ አለቀ። ከዚህ በላይ ምንድን ነው የምትጠብቁት?"

ኢስክራ ባሏን አየችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችለት።

"አንተ መልስለት" አለችው።

ስታመን ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ሚንቾ "ሃሎ፣ ሃሎ" ይላል።