የኪራይ ሲንቄ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ የባህል ልብስ የማከራይባት ሱቅ አለችኝ። ስጀምር ሰው የሚከራየኝ ቬሎና ሱፍ ብቻ ነበር። የባህል ልብስ የሚለብሰው በትምህርት ቤት በዓል ላይ የሚጨፍር ተማሪ ነው፤ እሱም ቢሆን ጭፈራው ሲያልቅ ቶሎ አውልቆ ይሮጣል።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። መጀመሪያ ዘፈኑ ነው የተለወጠው። ከዘፈኑ በኋላ አለባበሱ፣ ከአለባበሱ በኋላ ወሬው፣ ከወሬው በኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው። ሙሽሮች ቬሎውን ትተው ጨሌ የተደረደረበት ቀሚስ ፍለጋ ሱቄን ያጣብቧት ጀመር። ለልጁ ከመጽሐፍ ቅዱስ ስም ያወጣ የነበረ ሰው የቅድመ አያቱን ስም ለማጣራት ገጠር ድረስ ወረደ። መጋቢያችን ሳይቀሩ ስለ ገዳ ሰበኩ። ባለሥልጣን ያለ ሽማግሌ ምርቃት ስብሰባ መክፈት አቆመ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደግሞስ ለምን እዋሻለሁ? እንጀራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እናቴ አውቶብስ ተራ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታናግረኝበት ለነበረው ኦሮምኛ ሰው አዳራሽ ሙሉ ሲያጨበጭብ ማየት አንጀት ያርሳል።

እኛ ቤት ዳግም ልደት የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ነገር ነበር። አባቴ ጌታን የተቀበለ ሰሞን የቤቱን የድሮ ዕቃ ሁሉ ጓሮ አውጥቶ አቃጠለ። እናቴ በሠርጓ ዕለት ከእናቷ እጅ የተቀበለቻት ሲንቄም አብራ ነደደች። ሲንቄ ያገባች ሴት የምትይዛት ቀጭን ቀጥ ያለች በትር ናት። ወንዶች ሲጋደሉ ወይም ሴት ስትበደል፣ ሴቶች እሷን ይዘው እየጮኹ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ጠብ ይቆማል። ሲንቄ የተተከለችበትን ቦታ አልፎ የሚሄድ ሰው የተረገመ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ የነገረችኝ አባቴ ከሞተ በኋላ ነው።

ሲንቄም ተመለሰች። ሲሬ ያለ አንድ አናጺ ከባህር ዛፍ እየጠረበ፣ ቫርኒሽ እየቀባ በእቅፍ ያመጣልኝ ነበር። ለሠርግ፣ ለፎቶ፣ ለሴቶች ቀን፣ እንግዳ ለመቀበል አከራያለሁ። እናቴ አንድ ቀን ሱቅ መጥታ አንዷን አነሳች፣ አገላብጣ አየችና የመጥረጊያ እጀታ ነው ብላ ሳቀችብኝ። ስትወጣ ግን ጥግ ላይ ከወደቁበት ሰብስባ በሥርዓት ግድግዳው ላይ አቆመቻቸው።

ታናሽ ወንድሜ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ጌራርሳ ያወጣል። ጌራርሳ ወንድ ልጅ ጀግንነቱንም በደሉንም በዜማ የሚናገርበት የድሮ እንጉርጉሮ ነው። ገጠር ለገጠር ዞሮ ከሽማግሌዎች ተማረው፤ ከተማ መድረክ ላይ ሲያወጣው የፊት ረድፍ የተቀመጡት ባለሥልጣናት ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። አንዱ መሀረቡን አውጥቶ እንባውን ሲጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሲያልቅ አያምር ይባላል። ጫካው በታጣቂ ተሞላ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። ከጊዳ አያና የሸሸው ሕዝብ፣ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም፣ የያዘውን ጨርቅ ይዞ ከተማ ገባ። ከዚያ ወገን ለሠርጉ ልብስ ተከራይቶ እስከ ዛሬ ያልመለሰልኝ ሙሽራ አለ። የምፈልገው ልብሱን እንዲመልስልኝ አይደለም፤ በሕይወት መኖሩን ማወቅ ነው።

ያው ጌራርሳ፣ ያው ቃል፣ አሁን ለማን ነው የዘፈንከው የሚል ጥያቄ አመጣ። ጫካ ያሉት ለእኛ ዝፈን ብለው ላኩበት። ከተማ ያሉት ለእነሱ ዘፍነሃል አሉት። ወንድሜ አፉን ዘግቶ ሱቄ ውስጥ በካውያ ልብስ መተኮስ ጀመረ። አንድ ጠዋት የመንግሥት ታጣቂዎች መጥተው የሙሽራ ቀሚስ እየተኮሰ ሳለ ወሰዱት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ እንዳስገቡት የሰማነው ስንቅ ካቀበሉ ሴቶች ነው።

እናቴ አለቀሰች፣ ጸለየች፤ ከዚያ ሱቅ መጥታ ሲንቄ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። የኪራይ ዕቃ እንደሆነች፣ ባህር ዛፍ እንደሆነች፣ ራሷ የሳቀችባት እንደሆነች ነገርኳት። ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት መድረክ ላይ የታየው ነገር ጥይት የያዘ ሰው ፊት ምን ይሠራል አልኳት። መርጣ አንዷን ያዘች።

ከጸሎት ጓደኞቿ ግማሾቹ ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ቀሩ። የመጡት ሴቶች በአንድ እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው፣ እየጮኹ ከፊት ከፊቷ ሄዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ አፍሬ ነው እንጂ ለጥንቃቄ አይደለም። በሩ ላይ የነበረውን ኃላፊ ሳየው አወቅኩት። የሠርግ ልብሱን ያከራየሁት እኔ ነኝ። እናቱም ሲንቄ ከእኔ ነው የወሰደችው፤ እሱም ከሥሯ ጎንበስ ብሎ ሲመረቅ የሚያሳየው ፎቶ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

እናቴን እንደ ገዛ እናቱ «ሀርሜ» ብሎ በአክብሮት ተቀበላት። አንዴ ወደ እኔ አየና እንዲህ አላት፤

«ሀርሜ፣ ይሄ የበዓል ዕቃ ነው። ልጅዎንም ይጠይቋት።»

«አንተም ተመርቀህባታል» አለችው።

መሬት መሬት አየ። ትእዛዝ ነው፣ እኔ ምን አቅም አለኝ አለ። ውሸት አይመስለኝም፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት ነበር። እናቴ ክርክሩን ትታ ሲንቄዋን ከበሩ ፊት ለፊት ጭቃው ውስጥ ተከለች። ልጄ እስኪወጣ እዚህ ትቆማለች፣ ማንም አይለፋት ብላ ተመለሰች። ዘወር ብዬ ሳይ አንድ ወጣት ጠባቂ በሲንቄዋ ጎን ማለፍ ሲገባው ዞሮ በሌላ በኩል ሄደ። ባላምንም ልቤ ትንሽ ሞቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስንቅ ይዘን ስንሄድ ሲንቄዋ ቆማለች። ወገቧ ላይ ገመድ ታስሮ እስከ አጥሩ ተወጥሯል። ስንቅ አቀባይ ከገመዱ ወዲህ እንዲሰለፍ ነው። ከወንዶች ጠብ ፊት የምትቆመው በትር እናቶችን ማገጃ ሆናለች። ልነቅላት ስል እናቴ ያዘችኝ።

እንደ ቆምን በሩ ተከፈተና ሸራ የለበሰ መኪና ወጣ። እስረኛ እየወሰዱ ነው ሲባል ሴቶቹ ገመዱን በላይም በታችም አልፈው ሮጡ። ሸራው በአንድ በኩል ተገልጦ ነበር፤ እጅ ወጣ፣ ስም ተጠራ፣ አንዷ የልጇን ጣቶች ይዛ እየሮጠች ስትሄድ አየሁ። የወንድሜን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እናቴን ጎተትኳት። አልተንቀሳቀሰችም። እግሯ ከገመዱ ወዲህ ነው። ክንዴን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

«ሀርሜ፣ እሱ ነው፤ እንለፍ» አልኳት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሲንቄ ቆማለች» አለችኝ። «እኔ ካለፍኳት ማን ያከብራታል?»

መኪናው በሲሬ መንገድ ሄደ። ስንቁን ሊያቀብሉልን የተረከቡት ጠባቂዎች ትንሽ ቆይተው መለሱልን፤ እዚህ የለም አሉን። የት እንዳለ እስከ ዛሬ አናውቅም። ሱቄ አልተዘጋችም፤ ሰው ያገባል፣ በዓል ይደርሳል፣ እኔም አከራያለሁ። ያን ቀን ስለ ያዘችኝ እናቴን አንድም ቃል ተናግሬያት አላውቅም። ብዙ ጊዜ ግን ልጮኽባት እፈልጋለሁ።