እንግዳ የማይሸነፍበት የኮምቦልቻ ሜዳ

ከደሴ የተነሳሁት ቅዳሜ ጠዋት፣ የጦሳ ተራራ ገና ጉሙን ሳይገፍ ነው። የምሄደው ለለቅሶ አይደለም፣ ለሠርግም አይደለም፤ ልጫወት ነው። አርባን የተሻገረ መምህር "ልጫወት ነው" ሲል ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ባለቤቴ ሰዓዳም ቦርሳዬን አይታ "ኧረ ተው ጀማል፣ በዚህ ብርድ?" ብላኛለች። ነገሩ ግን ከጨዋታ ያለፈ ነበር።

ዲስክ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ አለ። ሰሃን የሚያክል የፕላስቲክ ዲስክ ትወረውራለህ። ዒላማህ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ ከላዩ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ነው። ከወደቀበት ቦታ አንስተህ እንደገና ትወረውራለህ፤ በትንሽ ውርወራ ቅርጫቱ ውስጥ የከተተ ያሸንፋል። እኔና ጓደኛዬ ይማም ዩኒቨርሲቲ እያለን ከአንድ የውጭ አገር መምህር ተማርነው፣ ሰውየው ሲሄድም ዲስኮቹን ትቶልን ሄደ። እኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት ውስጥ ስፖርት ሳስተምር በእረፍት ሰዓት ብቻዬን እወረውራለሁ። ይማም ግን ኮምቦልቻ አንድ ኮሌጅ ተቀጥሮ፣ ከብረታ ብረት ክፍል ተማሪዎች ጋር የወዳደቀ ብረት እየለቀመና እያስበየደ፣ ግቢው ውስጥ ዘጠኝ ቅርጫት ተከለ። ሌላው መምህር በክረምት ዘመድ ሲጠይቅ እሱ ሰንሰለት ሲቀጥል ነው የከረመው።

በሳምንቱ መሃል ደወለልኝ። "ጀሜ፣ የኮሌጃችን ዲን ቅዳሜ ሊመጡ ነው። 'ሰው ሲጫወትበት አይቼ አላውቅም፤ ጨዋታ መሆኑን ካላየሁ ብረቱ ይነቀልና ለችግኝ ጣቢያው አጥር ይሁን' ብለዋል። ተጋጣሚ አጣሁ።"

"ተማሪዎችህስ?"

"እኔን ማሸነፍ ያፍራሉ።"

ያኔ ይህቺን ነገር ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ ጨጓራዬ ይተርፍ ነበር።

ሐረጎን ስንወርድ

መናኸሪያ ደርሼ ሚኒባሱ ውስጥ ስቀመጥ የቀረው ሁለት ወንበር ብቻ ነበር። ቶሎ ልንሄድ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌና ካሮት በማዳበሪያ የያዙ እናት ቆመዋል።

"ይግቡ፣ እናቴ" አሉ ሽማግሌው።

"ኧረ ወላሂ እርስዎ ይቅደሙ። ታላቅ አይደሉ እንዴ?"

"ሸክም ይዘዋል እኮ።"

"ሸክሙ ምን ይላል፣ አብሽሩ።"

ረዳቱ በሩን ይዞ ቆመ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ግማሹ ለሽማግሌው፣ ግማሹ ለእናትየዋ እየፈረደ ነገሩ ሽምግልና ሆነ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። በመጨረሻ ረዳቱ ማዳበሪያውን አንስቶ ወንበር ላይ አስቀመጠና "በሉ፣ ካሮቱ ቀድሟል" አለ። ሁለቱም ተሳስቀው ገቡ። የሚያሳዝነው፣ ከእኔ በስተቀር የተናደደ ሰው አልነበረም።

የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ ጉሙ ከላያችን ቀረ። ታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ይታያል። ሾፌሩ ኩርባው ላይ ከታች የሚመጣ ጓደኛውን አይቶ መኪናውን አቆመ። መስኮት ለመስኮት ሆነው ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ የታመመው አጎት ተሻለው ወይ ተባባሉ። ከኋላ የቆመው የጭነት መኪና አንዴ እንኳ ጥሩምባ አልነፋም፤ ላሟን እሱም ሳያውቃት አይቀርም። ኮምቦልቻ ስንገባ ሙቀቱ ተቀበለኝ፣ ጃኬቴን አውልቄ ባጃጅ ያዝኩ።

ሰሃን ይዞ የመጣው እንግዳ

የኮሌጁ በር ላይ ጥበቃው ጋሽ እንድሪስ ቦርሳዬን ከፈቱት። ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ዲስኮቹን አንድ በአንድ አወጡና አገላበጧቸው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"መጫወቻ ነው፣ ጋሼ። የሚወረወር።"

"ሰሃን ነው እንጂ።" ፊታቸው ጠቆረ። "አንተ ልጅ፣ ሰው ቤት ስትመጣ ሰሃንህን ይዘህ ነው የምትመጣው? እኛ እንግዳ አብልተን አናውቅም?"

ፈንጂ ነው ብለው ቢጠረጥሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱን በፍተሻ አስረዳለሁ። የተቀየመን ሰው ምን አባቴ ብዬ ላስረዳ? ዲስኩን ገልብጬ ወጥ እንደማይይዝ አሳየኋቸው። "ለቂጣ ይሆናል" አሉ። ይማም እየሮጠ መጥቶ ነገሩን ሲያስረዳቸው እንኳ ግማሽ ልባቸው አላመነም። ቢሆንም በሩን ለባልደረባቸው አደራ ብለው "በል፣ እኔ አብሬው እሆናለሁ፤ እንግዳ ብቻውን አይዞርም" አሉና ተከተሉን።

ስድስት ቅርጫት በመከራ

ሜዳው ያምራል። ይህን ስናገር ንዴቴ እንዳለ ሆኖ ነው። የመጀመሪያው ቅርጫት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው፣ ሁለተኛው ከወርክሾፑ ማዶ፣ ሦስተኛው ቁልቁለቱን ወርዶ ከግራሮቹ መሃል። ይማም እያንዳንዱን ብረት አረንጓዴ ቀብቶታል። ተማሪዎች ተከተሉን፤ አንዳንዶቹ ደብተራቸውን እንደያዙ ነው።

የጨዋታው ሕግ ግልጽ ነው፤ ከቅርጫቱ የራቀው ሰው ቀድሞ ይወረውራል። ይማም ሕጉን ያውቃል፣ ለተማሪዎቹም የሚያስተምረው እሱ ነው። ግን ከእኔ ሁለት እጥፍ ርቆ ቆሞ "እንግዳ ይቅደም" ይለኛል።

"ይማም፣ አንተ ነህ የራቅኸው።"

"አውቃለሁ። ቅደም ግን።"

እወረውራለሁ፣ እስታለሁ። ተማሪዎቹ በአንድ አፍ "አብሽር፣ ገብቷል በለው" ይሉኛል። አልገባም። ሰንሰለቱን እንኳ አልነካም። አንዷ ተማሪ "ንፋስ ነው የወሰደብህ" አለችኝ፤ ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ አልነበረም። ከዚያ ይማም ተራው ይደርስና፣ በሕልሙ የማይስተውን ውርወራ ይስታል። ሆን ብሎ መሳቱ ደግሞ ያስታውቃል፤ እጁ መጨረሻ ላይ ላላ ይላል።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ አራተኛው ላይ ዲስኬ አልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እኔ ቁልቁል ስወርድ ጋሽ እንድሪስ በአቋራጭ ቀደሙኝ። እሾሁን በዱላቸው ገለል አድርገው ዲስኩን አወጡ፣ በነጠላቸው ጠረጉት፣ ይዘውት ሄደው ቅርጫቱ ውስጥ በክብር አስቀመጡት።

"ገባልህ" አሉኝ።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ያስገቡት እርስዎ ነዎት።"

"እኔም ላስገባው አንተም፣ ዋናው መግባቱ ነው። እንግዳ እሾህ ውስጥ ሲገባ ቆሜ ልይ?"

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ዲስኩን አውጥቼ ወደ ቁጥቋጦው ስመልሰው ግን እጃቸውን አወረዱ፤ የተሰጠኝን ስጦታ ሰጪው ፊት የጣልኩ ያህል ነበር። ሽማግሌው ቅር አላቸው። እኔም አፈርኩ፣ ማፈሬ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። በሰው ደግነት አንጀቱ የሚያርር ከእኔ በቀር ማን አለ?

ስድስተኛው ላይ ስንደርስ እየመራሁ ነበር፤ በብዙ። ዲኗ ወይዘሮ ከድጃ የመጡት ያኔ ነው። ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ ጠፍጣፋ ጫማ፣ እጃቸው ላይ የቢሮ ቁልፍ። ሰላምታ ሰጥተውን ከአንድ ግራር ሥር ቆሙ። ይማም ከቅርጫቱ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። ከዚያ ቦታ የኔ የትምህርት ቤት ዘበኛም ያስገባል። ወረወረ፤ ዲስኩ ከብረቱ በታች ተንሸራቶ ሳር ላይ ተኛ።

"አይ፣ ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ" አለ እየሳቀ።

ወይዘሮ ከድጃ አልሳቁም። "መምህር ይማም" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ የመጣሁት ጨዋታ ለማየት ነው። እስካሁን የማየው መስተንግዶ ነው። መስተንግዶ ደግሞ ብረት አያስፈልገውም።" ቁልፋቸውን ጨብጠው ወደ ቢሮው መንገድ ዞሩ።

የይማም ፊት አመድ መሰለ። ክረምቱን ሙሉ የለፋበት ነገር ሁሉ ለችግኝ አጥር ሊሄድ ነው፤ እሱ ግን እንግዳ ላለማሸነፍ ሲል ዝም ብሎ ቆሟል። ያኔ ደሜ ፈላ።

"ይማም፣ ስማ" አልኩት፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው ያልኩት። "ከዚህ በኋላ እያወቅህ ከሳትህ፣ ወላሂ ቤትህ ምሳ አልበላም።"

የይማም ባለቤት ሉባባ በግ አሳርዳ ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ምድጃ ላይ ናት፤ ሁሉም ያውቃል። ጋሽ እንድሪስ "አስታግፊሩላህ፣ ምን ነካው ይኼ ልጅ" ሲሉ ሰማሁ። ወይዘሮ ከድጃም ቆሙ።

ይማም አጠገቤ መጣ። "ሉባባ ምን ትላለች?"

"የምትለውን ለአንተ ትበል።"

"በሐቅ ነው?"

"ምያለሁ እኮ። በሐቅ ነው።"

የቀሩት ሦስቱ

ሰባተኛው ላይ የወረወረውን ስመለከት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዲስኩ በግራሮቹ ግራ ወጥቶ፣ ለእኔ ያልታየኝን ክፍተት አገኘና ታጥፎ ቅርጫቱ ሥር ወደቀ። በሁለተኛው ከተተው። እኔ በአምስት። ስምንተኛው ላይ ከወርክሾፑ ጥግ ወርውሮ በቀጥታ ሰንሰለቱን መታው፤ ብረቱ ጮኸ። ዘጠነኛውን ልተርከው አልፈልግም።

ስላሸነፈኝ መደሰት ነበረብኝ፣ የለመንኩት እኔ ነኝና። አልተደሰትኩም። ይህ ሰው ጠዋቱን ሙሉ እንደ ሕፃን ሲያጫውተኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ሲያሳዝነኝ የነበረው ሰው ለካ እሱ ሲያዝንልኝ ነው የዋለው። ባይበልጠኝ ንዴት፣ ቢበልጠኝ ንዴት።

ወይዘሮ ከድጃ ሳያጨበጭቡ ቀረቡ። "እስቲ ስጡኝ፣ ከመምህር ይማም ጋር ልጋጠም" አሉ።

የመጀመሪያ ውርወራቸው ወደ ጎን ሄዶ አጥሩ ሥር ገባ። ጋሽ እንድሪስ ዱላቸውን አንስተው ሊሄዱ ሲሉ "ባለበት ይተውት" አሏቸው። ራሳቸው ሄደው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ከአጥሩ ሥር ወረወሩ። ቀጥለው ደግሞ ወረወሩ። ቶሎ ነው የሚማሩት፤ በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ሰንሰለቱን ነክተው ከተቱት። ተማሪው ሁሉ ተንፍሶ ፈገግ አለ። አሁን ተራው የይማም ሆነ፤ ዲስኩ ቅርብ ወድቆለታል፣ ቢያስገባ በትንሽ ውርወራ አሸነፋቸው።

ሁሉም የይማምን እጅ ያያል። ታላቅም፣ አለቃም፣ ብረቱን የሚነቅሉትም የሚያቆሙትም እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ጠዋቱን ሙሉ ስለ ሐቅ ስጮህ የዋልኩት ሰውዬ በልቤ "ያ አላህ፣ አሁንስ ይሳት" አልኩ። ለእሳቸው መሐላ የማለ የለም፣ ምሳም የሚቀርበት የለም። ቢስት ማንም አይወቅሰውም።

ይማም ቢስሚላህ ብሎ ወረወረ። ሰንሰለቱ ተንቋቋ፣ ዲስኩ ቅርጫቱ ውስጥ ተቀመጠ።

ወይዘሮ ከድጃ ቅርጫቱን አዩት፣ ይማምን አዩት። ከዚያ ዲስካቸውን አንስተው ወደ መነሻው ተመለሱና "እንደገና" አሉ።

እንደገናም ተሸነፉ። ሲሄዱ ዲስኩን አልመለሱትም። "ይኼን ይዤው ልሂድ፤ ቤቴ ጓሮ አለ" አሉት። "ብረቱን ማንም እንዳይነካው። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ እናያለን።"

ይማም እዚያው ሳር ላይ ቁጭ አለ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየሁም፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ምሳና መመለስ

ምሳውን በላሁ። በላሁ ማለት ይቀላል፤ አበሉኝ ነው የሚባለው። ሉባባ መሐላውን ሰምታለች፣ ኮምቦልቻ ወሬ አያድርም። "ምሳዬን መያዣ ያደረግከው አንተ ነህ?" እያለች በቃኝ ባልኩ ቁጥር አጎረሰችኝ። ጋሽ እንድሪስ ከጎኔ ተቀምጠው ጥሩውን ሥጋ ወደ እኔ ይገፋሉ። መልሼ ስገፋላቸው ይቆጣሉ። እዚያ ማዕድ ላይ መሸነፌን ተቀበልኩ፤ በእውነተኛው ሰሃን ጨዋታ እነሱን የሚችል የለም።

ማታ ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ ተቀበለን፤ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ። በመንገዱ ሁሉ ያብሰለሰልኩት አንድ ነገር ነው። እስከ ስድስተኛው ቅርጫት የመራሁት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ውስጥ የትኛው የእኔ፣ የትኛው የይማም ስጦታ እንደሆነ እስከ ዕለተ ሞቴ አላውቅም። የተሸነፍኩባቸው ሦስቱ ግን ያለ ጥርጥር የራሴ ናቸው። ወይዘሮ ከድጃም ቢያሸንፉ ኖሮ "ጥሩ ነው" ብለው አመስግነው ይሄዱ ነበር፣ ብረቱም ይረሳ ነበር። የሚያስመልሳቸው መሸነፋቸው ነው። ጉዞው ያስተማረኝ ይኼው ነው፤ ያስተማረኝ ግን ጨጓራዬን ልጦ ነው።

ሆጤ ስደርስ ሰዓዳ በሩን ከፈተችልኝና ፊቴን አየችው።

"አሸነፍክ?"

"ተሸነፍኩ።"

"አይዞህ፣ መንገዱ አድክሞህ ይሆናል። ወይ ሙቀቱ ነው።"

"አልደከመኝም፣ ሰዓዳ። በልጦኝ ነው።"

ቦርሳዬን ተቀበለችኝና "እራት ላቅርብ?" አለችኝ።