የንግሥቲቱ ልጅ ለቅሶ

እናቴ አጥብቃ የምትጠላው አንድ ነገር ነበር፤ ጭቃ ይዞ ቤት መግባት። ሰበታን በክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ከገበያው እስከ እኛ ደጅ ያለው መንገድ ጥቁር አፈር ነው፤ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ደጃችን ላይ የእግር መፋቂያ ብረት ተተክሎ ነበር። እዚያ ላይ ሳይፍቅ የሚገባ ሰው፣ የንስሐ አባታችንም ቢሆኑ፣ "ኧረ በማርያም!" ሳይባል አያልፍም። ታላቅ ወንድሜ ግን አንድ ቀን እንኳ ፍቆ አያውቅም። ዘሎ ይገባል፣ እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይስቃል፣ መጥረጊያ ታነሳለች። የየዕለቱ ጨዋታቸው ነበር።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ወንድሜ ታመመ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። እናቴ ለቅሶው ላይ ደረቷን እየመታች፣ "ጭቃህን ይዘህ ግባ ልጄ፣ ዛሬ አልቆጣህም! ቤቱን አፈር በአፈር አድርገው፣ አልጠርገውም!" ስትል የመጣው ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔን ግን አንዲት እንባ ጠብ አላለችኝም። ውኃ አምጪ ተባልኩ፣ አመጣሁ። አግዳሚ አቀብዪ ተባልኩ፣ አቀበልኩ። ከድንኳኑ ጥግ አንዷ ሴትዮ፣ "ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ?" ስትል ሰማሁ። ይባስ ብሎ እናቴም ሰማች።

ከዚያ ወዲያ የወንድሜ ስም ከእኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ብጠራው ምን እንደምሆን ስለማላውቅ ፈራሁት። እናቴ ደግሞ የረሳሁት መሰላት። እንዲህ ሆነን ሰባት ዓመት ኖርን።

የቲያትሩ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ለትንንሾቹ ፊደል አስቆጥር ነበር። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህር ነበረን፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኮቱ ላይ የጠመኔ ዱቄት የማይጠፋ፣ ሲናገር እጁ ከአፉ የሚቀድም። ይህ ሰው ለአዲስ ዓመት የከተማው ሰው ራሱ የሚጫወተው ቲያትር ይኑረን ብሎ ተነሳ። የመረጠው የጥንት ግሪኮች የጻፉት ነው የተባለ፣ ራሱ ወደ አማርኛ የመለሰው ተውኔት ነው። ስሙን አሁን ረስቼዋለሁ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ንጉሡ ልጁን ጦር ሜዳ ይልከዋል፣ ሬሳው ይመጣል፣ ንግሥቲቱ ታለቅስበታለች፣ ንጉሡ ይጸጸታል። የቀረው ሁሉ ንግግር ነው፤ ያውም ብዙ ንግግር።

የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ ተውኔቱን ሦስት ጊዜ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ላይ የንግሥቲቱን ቃል ሳላየው እጽፈው ጀመር። ከዚያማ እንቅልፍ አጣሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር አልነበረም፤ ንግሥቲቱን መሆን ፈለግሁ፣ በቃ። በከተማችን ግን ሴት ቲያትር ላይ ወጥታ አታውቅም። የሴቱን ቦታ ሁልጊዜ የሚጫወተው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ነበር፤ ድምፁ ቀጭን፣ ወገቡ ቀጭን፣ እናቱ ነጠላ የምታውሰው ደግ ሰው። መምህሩ ግን "ተፈትኖ የተሻለው ይይዘዋል፤ ወንድ ሴት አልልም" አለ። ስሜን አስመዘገብኩ።

ለእናቴ ስነግራት ምስር ትለቅም ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ "ለወንድምሽ ያላለቀስሽ፣ ለማይታወቅ የፈረንጅ ልጅ ልታለቅሺ ነው?" አለችኝ።  ወዲያው እንደ ቆጫት አውቄአለሁ፣ ምስሩ ላይ አቀርቅራ ቀረች። ግን የተባለው ተብሏል። ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ጫፍ ነደደ፤ እንግዲያውስ እያየሽ እሄዳለሁ አልኩ በልቤ።

የፈተናው ዕለት ሐምሌ ውስጥ የዋለ እሑድ ነበር። እናቴን "መጻሕፍት ላስተካክል ነው" ብዬ ዋሽቻት ወጣሁ። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሁላችንም የምንነጋገረው እየጮኽን ነው። መምህሩ ሁለት አግዳሚ አጋጥሞ፣ የገለባ ፍራሽ ጠቅልሎ አስተኝቶ፣ ጋቢ አልብሶ፣ "ይኸው ሬሳው" አለን። እግር እንዲመስል ደግሞ ከጋቢው ጫፍ የዘበኛውን ቦቲ ጫማ አስወጥቶለታል።

መጀመሪያ ጸሐፊው ገባ። "እናንተ አማልክት ሆይ፣ የአንዲት እናትን ዕጣ ተመልከቱ!" እያለ በአፍንጫው አለቀሰ። አንድ እጁ ግን የእናቱን ነጠላ መሬት እንዳይነካ ሰብስቦ ይዟል። ልጁ የሞተበት ሳይሆን ወንዝ የሚሻገር ነው የሚመስለው። ሳቄን ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። ደስ አለኝ፤ አትፍረዱብኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። "እናንተ አማልክት ሆይ…" ብዬ ስጀምር ግን ድምፄ ሀሁ የሚያስቆጥር ሰው ድምፅ ሆነ። አንድም ቃል አልሳትኩም፣ አንድም ቃል አላመንኩትም። መምህሩ ጭንቅላቱን አከከ። "እህቴ፣ ትምህርት አትስጪን እንጂ። ልጅሽ ነው የተኛው፤ ልጅሽን እዪው" አለ።

አየሁት። ያየሁት ጫማውን ነው። ዘበኛው ከጓሮ ሲመጣ ጫማውን እንደ ነበረ አውልቆ ስለሰጠ፣ ያ ጥቁር ጭቃችን ከሶሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተለጥፎበታል። ዝናቡ ማባራት የጀመረውም ያኔ ነው። ተንበረከክሁ። ጫማውን በሁለት እጄ ያዝኩትና፣ "ጭቃህን ይዘህ ግባ ልጄ! ዛሬ አልቆጣህም! ቤቱን አፈር በአፈር አድርገው፣ አልጠርገውም!" ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ በኋላ የጮኸው የማን አፍ እንደሆነ አላውቅም። ሰባት ዓመት የት ተቀምጦ እንደ ነበር የማላውቀው ለቅሶ ወጣ። "ወንድሜ!" አልኩ መሰለኝ፤ ንግሥቲቱ ግን እናት እንጂ እህት አልነበረችም።

ዝናቡ ቆሟል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ መንደሩ መሐል ነው። እውነተኛ እሪታ የሰማ የእኛ አገር ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። ደቂቃም አልሞላ፣ በሩ ተበርግዶ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው "ወየው! ወየው!" እያሉ ገቡ። የእድራችን ለፋፊ፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጡሩምባቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ።

"ማል ታኤ? ኤኙቱ ዱኤ? ምን ሆነ? ማነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልን" አለ መምህሩ፤ "የንግሥቲቱ ልጅ ነው።"

ኦቦ ጡሩምባቸው ከእጃቸው ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። "እቴጌ ካረፉ ስንት ጊዜያቸው! ልጃቸው ነው ያልከኝ? ዋቃዮ፣ አምላኬ!"

"የለም የለም፣ የእኛ አይደለችም! የግሪክ ናት!"

"ታዲያ ጡሩምባውን ልንፋ ወይስ አልንፋ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ጎረቤታችን ግን ማቆም አቅቷት፣ "ከመጣሁማ ለራሴ ሟች አልቅሼ ልሂድ" ብላ ጥግ ይዛ ልቅሶዋን ቀጠለች። ማንም ነውር ነው አላላትም።

ያኔ ነው በሩ ላይ እናቴን ያየኋት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። ያልሳቀች እሷ ብቻ ነበረች። ጫማው አሁንም እጄ ውስጥ ነው። መጥታ አጠገቤ አግዳሚው ላይ፣ የፍራሹ ሬሳ ራስጌ፣ ቁጭ አለች።

"ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"አንቺ ነሽ ያልሽው። ያኔ።"

"ትሰሚኝ ነበር?"

"አንዲት ቃል አልጠፋችኝም እማዬ።"

 ጫማውን ከእጄ ወስዳ ከአግዳሚው ሥር አስቀመጠችውና ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ።  እኔም ስለ ውሸቴ ስድብ እየጠበቅሁ ሄድኩ።

መምህሩ በማግስቱ ደጃችን ድረስ መጣ። "ቦታው የአንቺ ነው፣ የሚቀጥለው እሑድ ለተጫዋቾቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ታሳዪልኛለሽ፤ ግን የእኔን ቃል ተይው፣ የጭቃውን በዪ፣ እሱን ነው የምፈልገው" አለኝ። በደስታ ልበር ነበር። ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ናት፤ ሰምታለች።

እሱ ሲሄድ አስቀመጠችኝ። "ሂጂ፣ አልከለክልሽም" አለች። "ለዚያች ሴትዮ ልጅ የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ። የእኔን ልጅ ግን ተይልኝ። ሰው አጨብጭቦለት እንዲሄድ አልፈልግም።"

"ለቅሶ ቤት ሁሉም የሚያለቅሰው ለራሱ ሟች አይደል?" አልኳት። ትናንት ጥጉን ይዛ ስታለቅስ የነበረችው ጎረቤታችን ትዝ ብላኝ ነው።

"እዚያማ እውነተኛ ሟች አለ። እዚህ ያለው ገለባ ነው።"

ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ምሳ አልበላም አልኩ። ግን ምን ብዬ ልከራከራት? ቃሉ የእሷ ነው፣ ልጁም የእሷ ነው። በሰባት ዓመት የለመነችኝ ነገር ቢኖር ይህ አንዱ ብቻ ነው።

እሑድ ሲመጣ በመምህሩ ወረቀት አለቀስኩ። ብችል ኖሮ ምን ነበረበት! አማልክቱን ጠራሁ፣ ዕጣውን ቆጠርኩ፣ ድምፄም አልወጣ አለ። "ያኛውን! የጭቃውን!" አለኝ መምህሩ እጁን እያወናጨፈ። "እሱን አልልም" አልኩት። "ለምን?" ሲለኝ፣ "የሰው ነው" ብዬ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ቦታው ለጸሐፊው ሆነ። ለመምህሩ ሰላምታ የምሰጠው እስከ ጳጉሜ ድረስ በአገጬ ብቻ ነበር፤ እሱ ምን አጠፋ! ንዴት ግን ሰው አይመርጥም።

የአዲስ ዓመት ሰሞን ቲያትሩ ታየ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ "ተነሺ፣ እንሄዳለን" ያለችኝ እናቴ ናት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጸሐፊው በአዲስ ጥበብ ብቅ ሲል ሰዉ ሳቀ፣ "እናንተ አማልክት ሆይ" ሲል ባሰበት፣ ኦቦ ራሳቸው ከፊት ወንበር ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እናቴ ሬሳውን ብቻ ነበር የምታየው። አሁን ግን ጫማው ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ቀለም ተቀብቷል። እጄን ያዘችኝና እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም።

ስንመለስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ መንገዱ ግን የክረምቱን ጭቃ አልለቀቀም። መሐል መንገድ ላይ ድንገት፣ "ያ ሰውዬ ጥበቡን ሲያስተካክል ልጁን ረሳው" አለች። ትንሽ ሄድንና፣ "አንቺ ትሻይ ነበር" አለችኝ።

"አሁን ነው የምትነግሪኝ!" ብዬ ጮኽኩባት። ሳቀች። ከልቧ ስትስቅ ሳያት ከስንት ዓመት በኋላ ነው!

ደጃችን ስንደርስ እሷ እግሯን ፍቃ ገባች። እኔም እንደ ልማዴ ብረቱ ላይ እግሬን አነሳሁ። ከውስጥ በሩን ይዛ ታየኝ ነበር።

"ተይው" አለች፤ "ጭቃሽን ይዘሽ ግቢ።"

ገባሁ። መሐል ቤት ቆሜ የወንድሜን ስም ጠራሁ፤ ስለ እሱም እስኪመሽ አወራን። ወለሉ አፈር በአፈር ሆኖ፣ እናቴ መጥረጊያውን አላነሳችም።