የ118 ቁጥር ሸሚዝ

ሄዝል ድራይደን በቴልፎርድ ወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ ተኮሰች። እኔ ከጎኗ ሱሪ እተኩስ ስለነበር የማወራው ያየሁትን ነው። የትምህርት ቤቱን ታሪክ ኮሎኔሎቹ ጽፈውታል፤ አንድ ቄስ በሁለት ክፍል ቤት እንደ ጀመሩት፣ በትልቁ ጦርነት ጊዜ አምስት መቶ ልጅ እንደ ነበረው። ያን ሁሉ ልብስ ማን እንዳጠበው ግን ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

እዚያ የገባ ልጅ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ከካልሲው እስከ ኮቱ ይታተምበታል። ከተባረረ ስሙ መዝገብ ላይ በጥቁር ቀለም ይደመሰሳል። በጦር ሜዳ ከሞተ ደግሞ በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን ቁጥሩና ስሙ ይጠራል፣ ከበሮ አንዴ ይመታለታል፣ ሰልፈኛውም ቀጥ ብሎ ይቆምለታል። የከተማችን ልጆች ክፍያው ስለማይቀመስ ሰልፉን የሚያዩት አጥር ላይ ተንጠልጥለው ነበር። የሄዝል አንድያ ልጅ ሊላንድም ከእነሱ አንዱ ነው። የሚለብሰው እኛ ዘንድ ባለቤት ያጣ ሸሚዝ ነበር።

ሊላንድ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኮሪያ ዘምቶ ሞተ። ዕቃው በካርቶን መጣ፤ ከውስጡ አንገትጌው ላይ 118 የታተመበት የእኛ ሸሚዝ ወጣ። ሄዝል እዚያው ማጠቢያው ውስጥ አጥባ ሰቀለችው። በዚያው ሳምንት የተመደበው መዝጋቢ፣ ሻምበል ብሩነር፣ ሲያልፍ አየውና የማን እንደሆነ ጠየቃት። የልጄ ነው፣ ኮሪያ ላይ ሞተ አለችው። ሻምበሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ሄዶ መዝገቡን ሲገልጥ 118 ላይ ያገኘው ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ለቤቱ እንግዳ ነውና ቀለም የተደፋበት መስሎት ከጎኑ የሊላንድን ስም ጻፈ።

በግንቦት መጨረሻ፣ በመታሰቢያው ቀን፣ ስሙ ተጠራ። ሄዝል ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለች። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትል ሃያ አምስት ዓመት አለፈ።

"ሰርቄለታለሁ" ትለኝ ነበር። "ካወቁ ይደመስሱታል። ሁለቴ ልቅበረው እንዴ?"

እኔ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። አልጸጸትም።

ከቬትናም ጦርነት በኋላ ወላጆች ልጃቸውን ዩኒፎርም ለብሶ ማየት አስጠላቸውና ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሆነ። በመጨረሻው የመታሰቢያ ሰልፍ የቆሙት ሠላሳ አንድ ልጆች ብቻ ናቸው። የድሮ ተማሪዎች ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፈው ደረታቸው ላይ ለጥፈው መጡ። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ደረት ላይ 118 አየሁ። ሄዝልም አይታዋለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

118 ተብሎ የሊላንድ ስም ሲጠራ ሰውየው ቀና አለ፣ ከዚያ ወረቀቱን ቁልቁል አየ። ሰልፉ ሲበተን እየጠያየቀ ወደ እኛ መጣ። እንሂድ ብዬ እጇን ብጎትታት ሄዝል እንቢ አለች።

"ሸሚዙ የእርስዎ ነበር" አለችው ገና ሳይናገር። "ልጄ እዚህ አልተማረም። እነሱ ተሳሳቱ፣ እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። ከፈለጉ ያስደምስሱት።"



"እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ተባርሬ ነው የወጣሁት" አለ ሰውየው። "የተደመሰሰው የኔ ስም ነው። ግቢው ሳይዘጋ አንዴ ልየው ብዬ መጣሁ።" ወረቀቱን ከደረቱ ላይ ነቀለ። "እዚህ ሳለሁ 118 ተብሎ የሚጠራው ለቅጣት ብቻ ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ ቆመለት። ልጅዎ ይያዘው፣ እናቴ።"

ሄዝል ወረቀቱን ተቀበለች። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። እያለቀሰችም፣ የእጇ ልማድ ነውና፣ የሰውየውን የተጨማደደ አንገትጌ በመዳፏ ታስተካክልለት ነበር።