የደብረ ሲናዋ ጫማ ጠባቂ

ላሊበላ ውስጥ ሥራ ከማግኘት ምክር ማግኘት ይቀላል። አንዲት ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ፈተናው ሳይሳካላት ከቀረ፣ ከቤቷ ወጥታ ዋናው መንገድ እስክትደርስ የምትሰማው ምክር ለመንደር ልጅ ሁሉ ይበቃል። ባለሱቁ ኮምፒዩተር ተማሪ ይላታል። ባጃጅ ነጂው የራሱን ሳያሻሽል እንግሊዝኛሽን አሻሽዪ ይላታል። አጎቷ ደግሞ ታገሺ ይላታል፤ እሱ ራሱ ታግሦ ከተቀመጠ ዘመኑ ነው። እኔም ብሆን ከማንም አላንስም። ምስክር እባላለሁ፣ አስጎብኚ ነኝ፣ አፌ ሥራ አይፈታም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ሰው ሲመክሩ ሰምቻቸው ስለማላውቅ ሴት ነው።

እትዬ ስሜነሽ በደብረ ሲና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ ጠባቂ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባምና እንግዳው በር ላይ ያወልቃል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። አብያተ ክርስቲያናቱ በዋሻና በጠባብ መተላለፊያ ስለሚገናኙ በአንዱ በር የገባ ሰው ብዙ ጊዜ በሌላ በር ይወጣል፤ ጫማው ቀድሞ ካልጠበቀው በባዶ እግሩ ድንጋይ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ስለዚህ እትዬ ስሜነሽ እንግዶቹ ውስጥ እያሉ ጫማቸውን በትልቅ ዘንቢል ይዘው በውጭ ይዞራሉ። መውጫው ላይ ሲደርሱ አፍንጫ አፍንጫውን ወደ ፊት አድርገው ይደረድሩታል። ባለቤቱ እግሩን ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረው።

ሥራውን የያዙት ባለቤታቸው አቶ ከፋለ ሲሞቱ ነው። ጫማ ጠባቂው እሳቸው ነበሩ። የሐዘኑ ሰሞን አልፎ እትዬ ስሜነሽ ያንኑ ዘንቢል አንጠልጥለው ብቅ ሲሉ፣ አንዳንድ ወንዶች ሴት እዚህ በር ላይ ምን ትሠራለች ብለው አጉረመረሙ። እሳቸው አልተከራከሩም። ተቀመጡ፣ ጫማ ተቀበሉ፣ በማግስቱም መጡ። ያ ክፉ የጦርነት ዘመን መጥቶ እንግዳ የሚባል ዝር ማለት ሲያቆም እንኳ ጠዋት ጠዋት መጥተው ደጃፉን ጠርገው ይመለሱ ነበር። ለማን ነው የሚጠርጉት ብላቸው፣ "ለበሩ" አሉኝ። አንዴ ደግሞ ብልጥ ልሁን ብዬ፣ ጫማውን አይተው የሰውየውን ጠባይ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ጫማ የሚናገረው ጠረኑን ነው" ብለው ኩም አደረጉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እወዳቸዋለሁ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሰገነት። ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ስታጣ በደላላ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ኋላ ድምፅዋ ጠፋ። እትዬ ስሜነሽ ስለ እሷ አያነሡም፤ እኛም አንጠይቅም።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የጎረቤቴ ልጅ ሔለን እዚያው በር አጠገብ አገኘችኝ። የትምህርት ማስረጃዋን በፕላስቲክ ሸፍና በየሆቴሉ ስትዞር ሰንብታለች። የሥራ ልምድ አለሽ ወይ እያሉ ይመልሷታል። ገና ትናንት ደብተሯን ያስቀመጠች ልጅ የሥራ ልምድ ከየት ታምጣ? ከእናቷ ሆድ?

"ከአስተርእዮ ማርያም ማግስት እሄዳለሁ፤ ደላላው መኪና አዘጋጅቷል" አለችኝ። እናቷ ማልቀስ ጀምራለች። ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ እመክራለሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ በረሃው፣ ስለ ቋንቋ ትምህርት ብዙ ተናገርኩ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

እትዬ ስሜነሽ ከመቀመጫቸው ሆነው ሲሰሙ ቆይተው፣ "አንች ልጅ፣ ነገ ማለዳ ነይማ። ዘንቢሉ ከብዶኛል" አሏት። በቃ ይህን ብቻ ነው ያሉት።

ሔለን መጣች። ዘንቢሉን ተሸከመች፣ ድርደራውን አየች፣ እጇ ቶሎ ለመደ። የተነገራት ነገር አንድ ነው፤ ጫማ ከማንሣትሽ በፊት በየት በኩል እንደሚወጡ ጠይቂ። ቀላል ይመስላል። ግን የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወደ ጎልጎታ የሚገባው በደብረ ሲና ውስጥ ነው፤ ሴት ደግሞ ጎልጎታ አትገባም። ወንዶቹ ወደ ውስጥ ሲያልፉ ሴቶቹ ደብረ ሲናን አይተው ወደ ደጅ ይመለሳሉ። አንድ ላይ የመጣ ቡድን እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ጫማውም አብሮ መከፈል አለበት። ይህን ሥርዓት የላሊበላ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሔለንም ታውቀዋለች፤ እሷም አትገባም። ከጫማ ጋር ግን አገናኝታው አታውቅም።

አንድ ቀን ማለዳ አቶ ወልደ ሩፋኤል እንግዶቹን ይዞ መጣ። ወልደ ሩፋኤል ሆቴል አለው፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ያገኘው ትልቅ ቡድን ስለነበር ክራቫት አስሮ ራሱ ነው የመራቸው። ሔለን ዐይኑ ውስጥ ለመግባት ቋመጠች። እትዬ ስሜነሽ ጉልበታቸው ታሞ ወደ ኋላ ቀርተው ነበርና እሷ ብቻዋን የሁሉንም ጫማ ዘንቢል ውስጥ ከትታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ቀጣዩ መውጫ በረረች።

እኔ የራሴን እንግዶች እየጠበቅሁ ደጅ ላይ ቆሜ ነበር። ወንዶቹ ወደ ጎልጎታ አለፉ፤ ሴቶቹ ከወልደ ሩፋኤል ጋር ወጡ። ጫማ የለም። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ወደ ግቢው አልወረደችም፤ ድንጋዩ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። አንዲት አሮጊት አንድ እግራቸውን በሌላው ላይ እያቆሙ ሲንቀጠቀጡ ወልደ ሩፋኤል ደም ሥሩ ተገታተረ።

"ማነው ጫማውን የወሰደው?" ብሎ ጮኸ።

እትዬ ስሜነሽ እያነከሱ ደረሱ። አንድ ጊዜ በሩን፣ አንድ ጊዜ ሴቶቹን አዩና ነገሩ ገባቸው። "እኔ ነኝ ወልዴ" አሉት፤ ልጅ ሆኖ ከሚሯሯጥበት ጊዜ ጀምሮ ስለሚያውቁት አቶ አይሉትም። "አርጅቻለሁ፤ ዘነጋሁት።" ከዚያ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ከአሮጊቷ እግር ሥር አነጠፉ። እሳቸው ያን በር በያዙበት ዘመን ሁሉ አንድም ሰው በባዶ እግሩ ቆሞ አያውቅም። ያን ስማቸውን ለአንዲት የጎረቤት ልጅ ሲሰጡ በዐይኔ አየሁ።

ወሬው ደርሷት ኖሮ ሔለን እያለከለከች መጣች። "እሳቸው አይደሉም!" አለች። "እኔ ነኝ ጋሼ። ጠይቂ ተብዬ ሳልጠይቅ ነው የወሰድኩት።" ተንበርክካ የሴቶቹን ጫማ ለየባለቤቱ አቀረበች፤ የአሮጊቷንም አሰረችላቸው። ወልደ ሩፋኤል እንግዶቹን ይዞ ሄደ።

"አለቀልኝ እትዬ" ብላ አነባች።

"ዘንቢሉን አንሺ፤ ሌሎች ገብተዋል" አሏት።

በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ወልደ ሩፋኤል ብቻውን መጣ። የመጣው እትዬ ስሜነሽን ፈልጎ ነበር። የመኝታ ክፍሎቹን የሚቆጣጠርለት ሰው ይሻል፤ ደመወዝ አለው፣ ወንበር አለው፣ ጣሪያ አለው። "የሌላ ሰው ጥፋት የሚሸከም ሰው ከየት ይገኛል? እርስዎ ይምጡልኝ" አላቸው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጉልበታቸው ያን ድንጋይ መውጣት መውረድ ከከበደው ቆይቷል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ቢመጣ ብለው ሲመኙም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"ሰው ከፈለግህ ያችውልህ" አሉት፤ በአገጫቸው ወደ ሔለን እያመለከቱ።

"እንግዶቼን በባዶ እግራቸው ያቆመችውን?"

"አዎ። እሷ ይህን ጥፋት ሁለተኛ አታጠፋውም። ሌላ ብትቀጥር ግን ገና ሊያጠፋልህ ነው።" ጨመሩለትም፤ "ደግሞስ እኔ እኮ ሸፍኛት ነበር። ውጪና ተናገሪ ያላት ማን ነው?"

ወልደ ሩፋኤል አገጩን አከከ፣ ልጅቷን አየ፣ ሳይወድ በግድ ሳቀ። "እሺ፤ ነገ ጠዋት ትምጣ" አለ።

"ነገማ በዓል ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ትመጣለች" አሉት።

የደላላው መኪና ቀኑን ጠብቆ ሄደ። ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ሔለን በዚያ ሰዓት የሆቴሉ ሰገነት ላይ አንሶላ ታሰጣ ነበር፤ ከታች ሆኜ ስጣራት እጇ እርጥብ ስለነበር በክርኗ ሰላም አለችኝ። እናቷም መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር የማላውቀውን ምርቃት ሁሉ ታወርድብኛለች። እኔ ምን አደረግሁ?

ያን ዕለት ከሆቴሉ ቀጥታ ወደ ደብረ ሲና በር ሄድኩ። እትዬ ስሜነሽ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀምጠዋል። ተናድጄ ነበር፤ ለእሳቸው ስል መናደዴ ነው። "ምን ነካዎት?" አልኳቸው። "ደጅዎ ድረስ የመጣ ሥራ! ይህ ጉልበት እስከ መቼ ይችልዎታል?"

"ጉልበቴ የትም አይሄድብኝም" አሉኝ። ደጃፉ ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች አዩ። "ሰገነት የሄደች ዕለት ጫማዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ቆዪ እንዳልላት፣ የምሰጣት ሥራ አልነበረኝም።"

ከጠፋች ወዲህ ስሟን ሲጠሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ውስጥ ያሉት እንግዶች መንቀሳቀስ ሲጀምሩ እትዬ ስሜነሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። እኔም ዘንቢሉን ተሸክሜ ከኋላቸው ተከተልኩ።